የብርድ ወራቱ ነብር

ሰው ፍሪጁ ውስጥ ሥጋ ያስቀምጣል፣ ወተት ያስቀምጣል። የፋርማሲስቷ ባል ግን የነብር አር ያስቀምጥ ነበር። በእርግጥ በዚያ ቤት ይህ ቃል ክልክል ነው፤ የቤቱ ሕግ «ናሙና» ነው የሚለው። ሕጉን አላከብርም ብላ ያመፀችው የፋርማሲስቷ እናት ብቻ ናት። ልጇን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር የፍሪጁን በር ከፈት ታደርግና ቶሎ መልሳ ትዘጋዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ነው ለፍቼ ያስተማርኩሽ?»

«እማዬ፣ ናሙና ነው እኮ።»

«ስም ቢያወጡለት ሽታው አይቀየር!»

ሰውዬው የዱር አራዊት ተመራማሪ ነው። ሰፈሩ «ዶክተር ነብር» ይለዋል። ነብር ሚዳቋን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሚዳቋ ከነብር እንዴት እንደምታመልጥ ሲያጠና ጸጉሩ ሸበተ። ነብሩን ራሱን ግን በዓይኑ ያየው እምብዛም ነው፤ ነብር መቼም ለተመራማሪ ብሎ ቁጭ አይልም። ሥራው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በደኑ ውስጥ እየዞሩ ነብሩ ጥሎት የሄደውን መልቀም፣ በወረቀት ከረጢት ማሸግ፣ ማድረቅ፣ በወንፊት ማጠብ፣ ከውስጡ የወጣውን ጸጉር አንድ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር ማየት። የድኩላ ጸጉር ከተገኘ ነብሩ ድኩላ በልቷል፤ የዝንጀሮ ከተገኘ ዝንጀሮ። በዚህ ሙያ ዶክተሩን የሚያህለው አልነበረም። አንዲት ዘለላ ጸጉር ብታሳየው የየትኛው እንስሳ እንደሆነች፣ ከጀርባው ትሁን ከሆዱ ሳይቀር ይነግርሃል። ሚስቱ ጸጉሯን ተቆርጣ ስትመጣ ግን አንድም ቀን ልብ ብሎ አያውቅም።

ፋርማሲስቷ በዕድሜዋ የሠራችው ሹራብ አንድ ብቻ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ፍቅር የምታደርገውን ባሳጣት ጊዜ፣ ቡናማ የበግ ጸጉር ክር ገዝታ፣ ጣቷን በመርፌ እየወጋች ሠራችለት። አንደኛው እጅጌ ከሌላኛው ይረዝማል። ክሩም በቅጡ ያልተፈተለ ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጸጉሩ ይረግፍ ጀመር፤ ሶፋው ላይ ጸጉር፣ ትራሱ ላይ ጸጉር፣ ሻይ ውስጥ ጸጉር። ዶክተሩ ግን ብርድ ሲገባ ይለብሳታል፣ ብርዱ እስኪወጣም ከላዩ አትወርድም። «ይቺን ሹራብ ስለብስ ሚስቴ ያቀፈችኝ ይመስለኛል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ይህን ሲል የፋርማሲስቷ ሆድ ይባባል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልብሱ ላይ የተጣበቀውን ጸጉር እየለቀመች «ይቅርታ፣ ይቺ ሹራብ እኮ ናት» ማለት ልማድ ሆኖባት ቀረ።

ዶክተሩን ስመ ጥር ያደረገው ግን በግ ነው። ገና ወጣት ሳለ ከደኑ ባመጣው ናሙና ውስጥ የበግ ጸጉር አገኘ። ደኑ አጠገብ ደግሞ ለመድኃኒት የሚሆን በግ የለም፤ በግ ያለው ከተራራው ማዶ ሜዳው ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «የት ጋ ተሳሳትኩ?» ባለ ነበር። እሱ ግን የተማረ ነውና «ነብሩ ተራራውን ይሻገራል» አለ። ጸጉሩ የሚገኘው ደግሞ በብርድ ወራት ብቻ ሆነ፤ በሙቀት ወራት ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። ለዚህም መልስ አላጣም። ብርድ ሲገባ ነብሩ በጨለማ ተራራውን ተሻግሮ ሜዳ ይወርዳል፣ በግ ይበላል፣ ሳይነጋ ይመለሳል፤ ሙቀት ሲመጣ ደክሞት ይተወዋል። ይህን ሁሉ «ታላቁ የብርድ ጉዞ» በሚል ርእስ መጽሐፍ አደረገው። ሳሎናቸው ውስጥ ቀያይ ቀስቶች ተራራውን የሚሻገሩበት ትልቅ ካርታ ተሰቀለ።

«ሲሻገር ያየው ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም።

«ማንም አላየውም» ይላል ዶክተሩ ኮራ ብሎ። «ጥንቁቅ ነው።»

በቃ፣ አለመታየቱ ራሱ ማስረጃ ሆነ። ባልታየ ቁጥር ጥንቃቄው ይደነቅለታል። በየአገሩ ያሉ የሙያ ባልደረቦቹም «እኛም ጋ በብርድ ወራት እንዲሁ ነው» እያሉ አረጋገጡለት። በየጉባኤው ተጨበጨበለት፣ ተሸለመ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የእሱን መጽሐፍ እየጠቀሱ የየራሳቸውን ቀስት በየካርታቸው ላይ ሳሉ።

ከተራራው ማዶ ያሉት በግ አርቢዎች ግን መጽሐፉን እንደ ፍርድ ያዙት። ድሮ በግ ሲጠፋ ሌባ ይታሰር ነበር፣ ውሻ ይባረር ነበር። ከመጽሐፉ በኋላ የጠፋ ሁሉ «ነብር በላው» ሆነ። ሌቦች እንዲያ ያለ ዘመን አይተው አያውቁም! አባባሉ ከተማም ገባ። የቢሮ ወንበር ሲጠፋ «ነብር በላው»፤ ጓደኛ ያዋሱት ጃንጥላ ሳይመለስ ሲቀር «ነብር በላው»። ቀልዱ ለከተሜው ነው እንጂ ለነብሩ አልነበረም። አርቢዎቹ መርዝ የተቀባ ሥጋ በየጥሻው እየጣሉ ስንቱን ነብር ፈጁት። አሁን ደግሞ የተረፉትን በጠመንጃ፣ በይፋ፣ በፈቃድ እንጨርሳቸው ብለው አመለከቱ። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ከመወሰኑ በፊት ዶክተሩ ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠራው።

ያን ሰሞን ዶክተሩ እህል አልወርድ አለው።

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያቸው» አላት ሚስቱን፣ ሹራቧን ለብሶ ሶፋው ላይ ኩርምት ብሎ። «ግን በግ ይበላሉ ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ አዎ ይበላሉ ነው የምለው። ለምወደው ብዬ እውነትን አልሸጥም።» እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ፋርማሲስቷ ያገባችው ለዚህ ነው። ፍሪጁን የቻለችው፣ ሽታውን የቻለችው፣ የልደቷን ቀን በየዓመቱ ሲረሳ ስቃ ያለፈችው፣ ሰውዬው እውነት ላይ አይደራደርም ብላ ነው። «ባሌ ይረሳል፣ ያሰለቻል፣ መዋሸት ግን አይችልም» ትላታለች እናቷን።

«ገና አልተቸገረም ይሆናላ» ትላለች እናትየው።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዶክተሩ የሚያማክራት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ቤታቸው መጣች። እሱ አልነበረም። ልጅቷ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ሶፋው ላይ ቁጭ ከማለቷ እንባዋ ቀደማት።

«አልፈርምልሽም አሉኝ፣ እትዬ። ይሄን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ዲግሪዬ ውሃ በላው።»

«ምን አጥፍተሽ ነው የኔ ልጅ?»

«በግ አጥቼ ነዋ!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ተማሪዋ ከዚያው ደን በብርድ ወራት ናሙና ሰብስባ፣ በራሷ እጅ አጥባ፣ በራሷ ክፍል መርምራ አንድም የበግ ጸጉር አላገኘችም። ዶክተሩ «ማጠብ አትችይም፤ በግ እስክታገኚ ድገሚው» ብሎ መለሳት።

«እሳቸው ያጠቡትን የድሮውንም አወጣሁና አየሁት» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የድኩላ ጸጉር ያለበት ላይ የድኩላ አጥንት አለ፣ የሰኮና ስባሪ አለ። የበጉ ግን ጸጉር ብቻ! አጥንት የለ፣ ሰኮና የለ። ነብሩ በጉን ሸልቶ፣ ሥጋውን ለባለቤቱ መልሶ፣ ጸጉሩን ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?»

ፋርማሲስቷ ሳቋ አመለጣት። ልታጽናናት ጠጋ ስትል ጥቁሩ ቀሚስ ላይ የተጣበቀች ቡናማ ጸጉር ታየቻትና እንደ ልማዷ ለቀመችላት።

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ይቺ ሹራብ እኮ...»

አልጨረሰችውም። ተማሪዋም ማልቀሷን አቆመች። ሁለቱም በፋርማሲስቷ ጣቶች መሐል ያለችውን ጸጉር አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥሎ ሶፋውን አዩ።

«ላብራቶሪ ሲሠራ ነጭ ጋወን ይለብሳል አይደል?» አለች ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ።

«ይለብሳሉ። ክፍሉ ስለሚበርድ ግን ከላዩ ሹራባቸውን ይደርቡበታል።»

«ከላዩ?»

«ከላዩ።»

«በሙቀት ወራትስ?»

«በሙቀትማ ሹራብ ምን ያደርግላቸዋል?»

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ክው አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ሰምታለች፤ ዳዋውን ያስመታችው እሷ ራሷ መሆኗ ግን ከበዳት። ፍቅሯን ልትገልጽ ጣቷን እየወጋች የሠራቻት ሹራብ ለስንቱ ነብር መርዝ ሆነችበት! እሺ እሷስ ከክኒን ጋር ነው የምትውለው። ጸጉር እያየ እንጀራውን የሚበላው ሰውዬ፣ ሻዩ ውስጥ የገባውን ጸጉር በማንኪያ እያወጣ ሲጥል የኖረው ሰውዬ፣ እንዴት አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ አያየውም? ደግሞስ እነዚያ በየብርድ አገሩ «እኛም ጋ እንዲሁ ነው» ያሉት ሁሉ፣ የእነሱን ሹራብ ማን ሠራላቸው?

ተማሪዋ ያቺን ቡናማ ጸጉር በወረቀት ጠቅልላ ሄደች። በማግስቱ ከላብራቶሪ ደውላ «ያው የናሙናው ጸጉር ነው፣ እትዬ» አለች።

ዶክተሩ ቤት ሲገባ ፋርማሲስቷ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ፣ የእጅ ማጉያውን አጠገቡ አስቀምጣ ጠበቀችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው። በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ደሙ ፈላ።

«አንቺ ክኒንሽን ቁጠሪ! እኔ የዕድሜዬን ግማሽ የሰጠሁበትን ነገር ከአንዲት ማጠብ ከማትችል ልጅ ጋር ሆነሽ...»

እሷ ክንዱን ያዘችና እጅጌውን ወረቀቱ ላይ አራገፈችው። ቡናማ ጸጉር እንደ ካፊያ ወረደ።

«እሺ፣ እየው» አለችው። «ጸጉር አዋቂ አይደለህ?»

ማጉያውን አነሣ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«በግ ነው» አለ።

«ከጀርባ ነው ከሆድ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ግድግዳው ላይ ያሉትን ቀያይ ቀስቶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሹራቧን አወለቀ፣ በሥርዓቱ አጣጥፎ ሰጣት።

«ለኮሚቴው እናገራለሁ» አለ። «ይዘሽልኝ ነይ። አውጥቼ አሳያቸዋለሁ።»

ፋርማሲስቷ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አቀፈችው፣ ግንባሩን ሳመችው፣ ወዲያው ወደ መኝታ ቤት ገብታ ለእናቷ ደወለች።

«እማዬ፣ ይኸው ተቸገረ! ይኸው አልዋሸም!»

«መች ተናገረና» አለች እናትየው።

በቀጠሮው ቀን ፋርማሲውን ዘግታ፣ ሹራቧን በቦርሳዋ ይዛ አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከማዶ የበግ አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ተቀምጧል፤ አንገቱ ከትከሻው ስለማይለይ ሰው በሌለበት «ሙክት» የሚሉት ባለጸጋ ነው። ተማሪዋ ከኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራለች። ዶክተሩ አዲስ ሱፍ ልብሱን ለብሶ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራን፣ ሳይንስ ቆሞ አይጠብቅም» ሲል ጀመረ። «ትናንት እውነት የነበረውን ዛሬ እንደገና መመርመር የአዋቂ ግዴታ ነው።»

አሁን ሊናገረው ነው፣ አለች ፋርማሲስቷ። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች።

«በቅርቡ በእኔ መሪነት የተካሄደ ጥናት አንድ አስደናቂ ግኝት ላይ ደርሷል። ነብሮቹ በግ መብላት አቁመዋል!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዶክተሩ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ነብር ይማራል፣ አለ። ሜዳው አደገኛ መሆኑን ተረዳ፣ አለ። ታላቁን የብርድ ጉዞ እርግፍ አድርጎ ትቶታል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የባሕርይ ለውጥ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው፣ አለ። ሚስቱ የተቀመጠችበትን አቅጣጫ አንዴም አላየም። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ከግራና ከቀኙ ጋር ተንሾካሾከና የአደኑ ፈቃድ መከልከሉን ተናገረ። እንግዲህ ነብሮቹ ተርፈዋል፤ ይህስ ደግ ነው። ፋርማሲስቷ ግን እፎይ ማለት አቃታት።

ሙክት ብድግ አለ። «ታዲያ ባለፈው ወር የጠፋብኝን በግ ማን በላው?»

«ግሩም ጥያቄ ነው» አለ ዶክተሩ። «ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋል።»

ለዚህም ተጨበጨበ።

ፋርማሲስቷ ተነሥታ ቆመች።

«ነብሩን በግ ያበላሁት እኔ ነኝ» አለች። ሹራቧን አውጥታ ኮሚቴው በተቀመጠበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ አራገፈቻት፤ ጸጉሩ ወረቀታቸው ላይ፣ ውሃቸው ውስጥ ረገፈ። «ነብር ተራራ ተሻግሮ አያውቅም። በግም በልቶ አያውቅም። ባሌ ይቺን ለብሶ ናሙና ሲያጥብ የረገፈ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ከአንድ ጥግ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው፤ ወዲያው አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ።

«ዶክተር» አለ፣ «ባለቤትዎ የምራቸውን ነው?»

ዶክተሩ ሚስቱን አያት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ነብሮቹ ድነዋል፣ ፈቃዱ ተከልክሏል፤ እውነቱን ቢናገር የሚጎዳ ነፍስ አልነበረም፤ ከስሙ በቀር። እሷም ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ጠበቀችው።

«ባለቤቴ» አለ ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ቀልድ ትወዳለች።»

ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ የሳቀው እሱ ነበር። ሰብሳቢው ይቺ ታሪካዊ ሹራብ በሚቀጥለው ብርድ ወራት ሙዚየም ትግባ፣ ገለባ ከተሞላው ነብር ጎን በመስታወት ውስጥ ትቀመጥ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በጭብጨባ አለፈ። ተማሪዋ ከኋላ ሆና አንገቷን እንደደፋች ነበር። ዶክተሩ ዲግሪዋን ገና አልፈረመላትም፤ ፋርማሲስቷም አልተቀየመቻትም። የተቀየመችው አንዱን ብቻ ነው። ለዚያ ሰውዬ አፈረችለት፤ ፍሪጁ ሲከፈት ከሚወጣው ሽታ ይልቅ ይሄኛው አንገሸገሻት።

በሩ ላይ ሙክት ጠበቃት። እሱ አልሳቀም ነበር።

«እመቤቴ፣ የነገሩን እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መርዝ በከንቱ ነዋ የገዛሁት!» አለና እየተራገመ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያመናት እሱ ብቻ ነው፤ ያሳዘነውም መርዙ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዶክተሩ መሪውን እንደያዘ ያፏጭ ነበር። «ልታጠፊኝ ነበር እኮ» አላት። «ግን ወደዱሽ!»

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ነብር አየኝ በል።»

እሱ ይህም ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ብርድ እስኪገባ ድረስ ዶክተሩ «የተመለሰው ነብር» የሚለውን ሁለተኛ መጽሐፉን አገባደደ። ካርታው ላይ ቀስቶቹ ዞረው ወደ ደኑ እንዲያመለክቱ ተደረገ። የተማሪዋ ውጤት ለአዲሱ ግኝት ስለተፈለገ የዲግሪ ጽሑፏ ያለ አንዳች ጥያቄ ተፈረመላት፤ እሷም ወረቀቷን ይዛ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ተቋም ገባች። ከዚያ በኋላ የማንም ፊርማ አላስፈለጋትም። ፋርማሲስቷ ሹራቧን በናሙና ከረጢት አሽጋ፣ ከላዩ ቦታውንና ቀኑን ጽፋ ላከችላት። ተማሪዋም ከማይክሮስኮፗ ጎን አስቀምጣ አንድ አጭር ጽሑፍ እየጨረሰች ነበር፤ ርእሱ ላይ «ሹራብ» የሚል ቃል አለበት።

የሙዚየም ሰዎች ሊመጡ በቀጠሩበት ጧት ዶክተሩ ቁም ሣጥኑን በርብሮ፣ አልጋ ሥር ገብቶ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከፍቶ ፈለገ። ፋርማሲስቷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ሻዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንድም ጸጉር የለበትም።

«ሹራቤስ?» አላት።

«ነብር በላት።»

«ተይ እንጂ፣ ሰዎቹ እየደረሱ ነው!»

«ነብር በላት አልኩህ። በጨለማ ተራራውን ተሻግሮ መጣ፣ በላት፣ ሳይነጋ ተመለሰ።»

ዶክተሩ ፊቷን አየ። እየቀለደች አልነበረም። በሩ ተንኳኳ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ማን አየው?» አለ ድምፁ ቅጥን ብሎ።

«ማንም አላየውም» አለች፣ ሻይዋን ፉት እያለች። «ጥንቁቅ ነው።»